ፎስፎሪሌዝ ቢ በእውነት የሞተ ኢንዛይም ነው? ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ መስመሩ አልነሳ አለኝ

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ከቆምኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

የምሠራው በጡንቻ ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ ላይ ነው፣ ግላይኮጅን የሚባለውን የጡንቻ የግሉኮስ ክምችት የሚቆርጠው ኢንዛይም። ከጥንቸል ጡንቻ የወጣው፣ «ቢ» የሚባለው ዓይነት። ሥራው ሲታይ ቀላል ነበር፣ ፍጥነቱን መለካት ብቻ። ኪዩቬቱ (የመለኪያ ጠርሙሱ) ውስጥ ግላይኮጅን አለ፣ ፎስፌት ባፈር አለ (ፒኤች 6.8)፣ ማግኒዚየም አለ፣ ኤንኤዲፒ አለ። ፎስፎሪሌዙ ግላይኮጅኑን ሲቆርጥ ግሉኮስ-1-ፎስፌት ይወጣል፣ ፎስፎግሉኮሙቴዝ ወደ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ይቀይረዋል፣ ከዚያ ሦስተኛው ኢንዛይም ተቀብሎ ኤንኤዲፒኤች ያወጣል። እኔ የማነበው ይህን የመጨረሻውን ነው፣ 340 ናኖሜትር ብርሃን ላይ፤ ሲበዛ መስመሩ ይነሳል።

መስመሩ አልነሳም። እንደ ወለል ተዘርግቶ ቀረ። ኢንዛይሙን በእጥፍ አደረግኩት፣ ያው። አዲስ ብልቃጥ ከፈትኩ፣ ያው። በመጨረሻ ኤቲፒ ጨመርኩበት፣ የጡንቻ ነገር ስለሆነ ጉልበት ቢያገኝ ይነሳል ብዬ። አሁንም ያው።

መጽሐፍ ገልጬ ሳይ ደግሞ «ፎስፎሪሌዝ ቢ የማይሠራው መልክ ነው» ይላል። የማይሠራ ከሆነ ለምን ለኪው ተባልኩ? ኢንዛይሙ ሞቷል ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ቀዝቃዛ ባፈር፦

እህቴ፣ ኤኤምፒ ጨምረሻል?

ጀማሪዋ፦

ኤኤምፒ? ፕሮቶኮሉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ፣ «1 ሚሊሞላር» ይላል። ኤቲፒ ስላደረግኩ ይበቃል ብዬ ተውኩት። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ አይደሉም እንዴ?

ቀዝቃዛ ባፈር፦

በቃ፣ ችግርሽ ተገኘ። ኢንዛይምሽ አልሞተም፣ አይዞሽ።

አንድ ቤተሰብ ናቸው (ኤቲፒ ሦስት ፎስፌት አለው፣ ኤዲፒ ሁለት፣ ኤኤምፒ አንድ)፣ እዚህ ኢንዛይም ላይ ግን ተቃራኒ ነው የሚሠሩት። ፎስፎሪሌዝ ቢ ከመቁረጫው ቦታ ራቅ ብሎ አንድ ወንበር አለው። ኤኤምፒ እዚያ ሲቀመጥ ኢንዛይሙ ቅርጹን ይቀይርና መቁረጥ ይጀምራል። ኤቲፒም እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ግን ምንም አያስነሳም። ቦታ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ አንቺ ለሞተር ነዳጅ የጨመርሽ መስሎሽ ፍሬኑን ነው የያዝሽው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ሲገባሽ ደስ ይልሻል። ጡንቻ ሲያርፍ ኤቲፒ ሞልቷል፣ ኤኤምፒ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጡንቻው ሥራ ሲበዛበት ኤቲፒው ወደ ኤዲፒ ይወርዳል። ሴሉ ሁለት ኤዲፒ ወስዶ አንዱን ኤቲፒ፣ ሌላውን ኤኤምፒ ያደርጋል። ኤቲፒው ትንሽ ቀንሶ ሳለ ኤኤምፒው ብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ምክንያቱም መነሻው በጣም ትንሽ ነበር። ኤኤምፒ ማለት «ጉልበት እያለቀብኝ ነው» የሚል ድምፅ ነው። ፎስፎሪሌዝ ቢ ያንን ድምፅ ሰምቶ ጎተራውን ይከፍታል።

አሁን ኤቲፒውን ተይውና 1 ሚሊሞላር ኤኤምፒ ጨምሪበት፣ ከዚያ ንገሪኝ።

ፈተና ደረሰ፦

ቆይ ቆይ፣ እኔ እኮ የተማርኩት «ኤ ይሠራል፣ ቢ አይሠራም» ብዬ ነው። ፈተና ላይም እንደዚያ ነው የምጽፈው። አሁን ቢ በኤኤምፒ ይሠራል ካልክ እኔ የሸመደድኩት ስህተት ነው ማለት ነው?

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ልጄ፣ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ላይ ታስረውብሃል። ብዙ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነበር።

«ኤ» እና «ቢ» የሚነግሩህ ፎስፌት ተለጥፎበታል ወይስ አልተለጠፈበትም የሚለውን ነው። ኢንዛይሙ ሁለት አንድ ዓይነት አካላት ተጣምረው የሚሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ 97 ሺህ ዳልተን ገደማ ይመዝናል። በእያንዳንዱ መጀመሪያ አካባቢ 14ኛው አሚኖ አሲድ ሴሪን ነው። ያ ሴሪን ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ ኤ ይባላል፣ ሳይለጠፍ ሲቀር ቢ።

መሥራት አለመሥራቱ ግን የቅርጽ ጉዳይ ነው። ኢንዛይሙ ሁለት ቅርጽ አለው፣ አንዱ የተጨበጠ፣ ሌላው የላላ። የተጨበጠው አይሠራም፣ የላላው ይሠራል። ሁለቱም፣ ኤውም ቢውም፣ ሁለቱንም ቅርጽ መያዝ ይችላሉ። ኤ በራሱ ወደ ላላው ያደላል። ቢ ደግሞ ወደ ተጨበጠው ያደላል፣ ኤኤምፒ ሲያገኝ ግን ይላላል። «ቢ አይሠራም» የሚለው ያረፈ ጡንቻ ውስጥ ላለ ቢ እውነት ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ኤቲፒና ግሉኮስ-6-ፎስፌት ሞልተው ጨብጠው ይይዙታል። ኪዩቬት ውስጥ ኤኤምፒ ላገኘ ቢ ግን እውነት አይደለም።

ፈተና ላይ «ቢ ብዙውን ጊዜ የማይሠራ» ብለህ ጻፍ። «ብዙውን ጊዜ» የሚለውን ቃል አትተው።

ፈተና ደረሰ፦

አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን ፎስፌት አንድ ቦታ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ እንዴት ይህን የሚያህል ኢንዛይም ቅርጹን ይቀይራል? ከ800 በላይ አሚኖ አሲድ ነው እኮ።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ጥሩ ጠየቅህ። ሴሪን 14 ያለበት ጫፍ እንደ ጅራት ነው። ፎስፌት ከሌለው ጅራቱ ልቅ ሆኖ ይንጠለጠላል። በጅራቱ ላይ አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው አሚኖ አሲዶች አሉ፣ አጠገባቸው ደግሞ አሉታዊ ገጽ አለ፣ ይሳሳባሉ። ፎስፌት ሲመጣ ሁለት አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ነው የሚመጣው። አሁን ጅራቱ የነበረበትን ቦታ አይወደውም። ተነስቶ ይዞርና ሁለቱ አካላት የሚጋጠሙበት ላይ ይገባል፤ እዚያ አርጂኒኖች አሉ፣ ፎስፌቱን አጥብቀው ይይዙታል። መጋጠሚያው ሲንቀሳቀስ ሁለቱም አካላት ትንሽ ይዞራሉ፣ ያ መዞር እስከ መቁረጫው ድረስ ይደርሳል።

መቁረጫው ላይ የሚሆነውን ደግሞ ስማ። በተጨበጠው ቅርጽ ፎስፌት የሚገባበትን ቦታ አንድ አስፓርቲክ አሲድ ዘግቶታል። እሱ አሉታዊ ነው፣ ፎስፌትም አሉታዊ ነው፣ ይገፋፋሉ። ሲላላ ያ አስፓርቲክ አሲድ ወጥቶ በቦታው አርጂኒን ይገባል። አርጂኒን አዎንታዊ ነው፣ ፎስፌቱን ይጠራዋል። የመቁረጫው በር ተከፈተ ማለት ይኸው ነው።

ሩጫ ወዳጅ፦

እኔ ሳይንስ አላጠናሁም፣ ሯጭ ነኝ። ግን ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጥያቄ አለኝ። እጄ ላይ ያለው ግላይኮጅን እግሬ ሲደክም ሊረዳኝ አይችልም? ሩጫ ላይ እጄ ብዙም አይሠራም እኮ። የተቆረጠው ስኳር በደም ወደ እግሬ ይሂድልኝ።

ቀዝቃዛ ባፈር፦

ወንድሜ፣ በቀጥታ አይሄድም። ምክንያቱ እዚሁ ኢንዛይም ባሕርይ ውስጥ ነው ያለው።

ፎስፎሪሌዝ ግሉኮስን በውሃ አይቆርጥም። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ በውሃ ነው የሚቆርጠው፣ የሚወጣውም ተራ ስኳር ነው። ፎስፎሪሌዝ ግን በፎስፌት ነው የሚቆርጠው። ከሰንሰለቱ ጫፍ አንድ ግሉኮስ ሲያወጣ ያ ግሉኮስ ፎስፌት ተሸክሞ ይወጣል። ፎስፌት የተሸከመ ስኳር ደግሞ የሴሉን ሽፋን አልፎ መውጣት አይችልም። ጉበት ፎስፌቱን የሚነቅል ኢንዛይም አለው፣ ግሉኮስ-6-ፎስፋቴዝ ይባላል፣ ስለዚህ ጉበት ለመላው ሰውነት ስኳር ያድላል። ጡንቻ ያ ኢንዛይም የለውም። ጡንቻ የሚቆርጠው ለራሱ ነው።

ትርፍም አለው። ግሉኮስ ከደም ሲገባ ጡንቻው መጀመሪያ አንድ ኤቲፒ ከፍሎ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ከግላይኮጅን የወጣው ግን ፎስፌቱን ይዞ ስለመጣ ያ ክፍያ ቀረለት። ኦክስጅን ሳይኖር እስከ ላክቴት ድረስ ቢሄድ፣ ከደም የመጣ አንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ያተርፋል፣ በፎስፎሪሌዝ የወጣው 3 ያተርፋል። ለሚሮጥ ሰው ከሁለት ወደ ሦስት ትልቅ ነገር ነው።

የእጅህ ግላይኮጅን በተዘዋዋሪ ሊረዳህ ይችላል፣ ላክቴት ሆኖ ከወጣ። ላክቴት ሽፋኑን ያልፋል፣ ልብም ሌላ ጡንቻም ይጠቀምበታል፣ ጉበትም መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል።

ፈተና ደረሰ፦

ስሞቹ ናቸው የሚያደናግሩኝ። ፎስፎሪሌዝ፣ ፎስፋቴዝ፣ ካይኔዝ። ሦስቱም ፎስፌት ነው የሚነካኩት።

ቀዝቃዛ ባፈር፦

ካይኔዝ ፎስፌቱን ከኤቲፒ ወስዶ ሌላ ነገር ላይ ይለጥፋል። ፎስፋቴዝ የተለጠፈውን በውሃ ይነቅላል። ፎስፎሪሌዝ ደግሞ ነፃ ፎስፌት ይዞ በእሱ ትስስር ይሰብራል። «ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ» ብለህ ብትጠይቅ አይጠፋብህም።

ሰባተኛው ደቂቃ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄ የለኝም። ግን ይህን ኢንዛይም የምታወሩት እንደ ፈተና ርዕስ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ይህ ኢንዛይም ጡንቻዬ ውስጥ የለም።

የማክአርድል በሽታ ይባላል። ከእናትም ከአባትም የተበላሸው ዘር (ጂን) ሲደርስህ ነው የሚመጣው። የጡንቻው ፎስፎሪሌዝ ዘር 11ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። እኔ ላይ የተገኘው በብዙ ሰው ላይ የሚታየው ዓይነት ነው፤ 50ኛው ላይ አርጂኒን መሆን የነበረበት ቦታ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ተገኘ። ኢንዛይሙ ገና ሳይጀመር አለቀ።

ልጅ እያለሁ ሰነፍ ነበር የምባለው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ሁሉም ይሮጣሉ፣ እኔ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እግሬ እንደ ድንጋይ ይሆናል። መምህሩ «እያስመሰልክ ነው» ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ እልህ ይዞኝ አላቆምም ብዬ ሮጥኩ። ጭኔ ተቆልፎ ቀረ፣ ለሰዓታት አልተፈታም። ማታ ሽንቴ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወጣ። ጡንቻው ተሰብሮ ማዮግሎቢን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ወደ ሽንት መፍሰሱ እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኩላሊት ሊያቆም የሚችል ነገር ነው።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። ደረጃ ስወጣ ወይም ስራመድ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ናቸው። ልቤ ከመጠን በላይ ይመታል። ትንፋሼ ያጥራል። ያኔ ዝግ እላለሁ፣ ግን አልቀመጥም። 7 ደቂቃ አካባቢ፣ አንዳንዴ 10 ላይ፣ የሆነ ነገር ይከፈታል። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ግን እግሬ ይቀልለኛል፣ ልቤም ይረጋጋል። ሐኪሜ «ሁለተኛው ንፋስ» አለኝ፣ እኔ ግን «ሰባተኛው ደቂቃ» ነው የምለው። የመድረክ ስሜም ከዚያ ነው። ደሙ በዝቶ ወደ ጡንቻው ሲመጣ ግሉኮስና ስብ ይዞ ይመጣል፣ ጡንቻዬም በእሱ ይሠራል። ጎተራዬ ተቆልፏል፣ ግን ከውጭ ሲመጣልኝ እበላለሁ።

ጀማሪዋ፦

ወንድሜ፣ እንዴት እንደነካኝ አትጠይቀኝ። እኔ ሦስት ቀን ኪዩቬት ላይ ተናደድኩ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ያ መስመር ሳይነሳልህ ነው የኖርከው። የሽንትህ ቀለም ሲቀየር ግን አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ።

ሰባተኛው ደቂቃ፦

ኧረ አመሰግናለሁ እህቴ። አሁን ጠንቃቃ ነኝ። ከባድ ነገር በድንገት አላነሳም፣ ቀስ ብዬ ነው የምጀምረው።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ልጄ፣ ስለ ጻፍክልን እግዜር ይስጥልን። ያንተ በሽታ ለሳይንሱ ያደረገውን ውለታ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ብራያን ማክአርድል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1951 አንድ የ30 ዓመት ሰው አየ። ጡንቻው ሲሠራ ያመዋል፣ ይቆለፍበታል። ማክአርድል ክንዱን አሠርቶ ደሙን ለካ። የጤነኛ ሰው ላክቴት ይጨምራል፣ የዚህ ሰው ግን አልጨመረም። ግላይኮጅኑ እየተቆረጠ አይደለም ብሎ ደመደመ። የቆለፈውን ጡንቻ በኤሌክትሮድ ሲመለከተው ደግሞ ጸጥ ያለ ነው፣ እንደ ተራ ቁርጠት የሚንጫጫ ኤሌክትሪክ የለውም። የጠፋው ፎስፎሪሌዝ መሆኑ የተረጋገጠው በ1959 ነው።

የሚደንቀው ከዚህ በኋላ ነው። ፎስፎሪሌዝ ሁለቱንም አቅጣጫ መሄድ የሚችል ኢንዛይም ነው። ቱቦ ውስጥ ብዙ ግሉኮስ-1-ፎስፌት ብትሰጠው ሰንሰለቱን ይቆርጣል ሳይሆን ያስረዝማል። ባልና ሚስቱ ተመራማሪዎች ካርልና ገርቲ ኮሪም ይህን አይተዋል። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ግላይኮጅንን የሚሠራውም የሚያፈርሰውም እሱ ራሱ ነው ተብሎ ነበር። ግን የማክአርድል ሕመምተኞች ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሞልቶ ተገኘ! ሠሪው ፎስፎሪሌዝ ቢሆን ኖሮ ባዶ መሆን ነበረበት። ሠሪው ሌላ ኢንዛይም ነው፣ ሌሉዋርና ካርዲኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ያሳዩት። ሕያው ጡንቻ ውስጥ ነፃ ፎስፌት ከግሉኮስ-1-ፎስፌት ከ100 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ ፎስፎሪሌዝ ወደ ማፍረስ ብቻ ይሄዳል።

ስለ ኮሪዎቹ ካነሳሁ አይቀር። ግሉኮስ-1-ፎስፌትን በ1936 ያገኙት እነሱ ናቸው፣ «የኮሪ ኤስተር» የሚባለውም ለዚህ ነው። በ1947 ኖቤል ሲሸለሙ ገርቲ በሕክምናው ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኤና ቢን ለይተው ያወቁትም እነሱ ናቸው። ኤ ያለ ኤኤምፒ ስለሚሠራ ውስጡ ኤኤምፒ ተሰውሮ ይኖራል ብለው ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አላገኙም። መልሱ ፎስፌት መሆኑን በ1955 ያወጡት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ናቸው።

ቀዝቃዛ ባፈር፦

ጋሼ፣ የማጣሪያ ወረቀቷንም ንገሯቸው እንጂ!

ጡረታ የወጣ መምህር፦

እሺ፣ እሺ። ፊሸርና ክሬብስ የኮሪዎችን ፕሮቶኮል ወስደው ኤን ለማውጣት ሞከሩ። ኮሪዎቹ የጡንቻውን ጭማቂ በወረቀት ያጣሩ ነበር። እነዚህ ደግሞ ወረቀቱን ትተው በሴንትሪፉጅ አሽከረከሩት። ኤ ጠፋ! ያገኙት ቢ ብቻ ነው። ወደ ወረቀቱ ሲመለሱ ኤ ተመለሰ። ምሥጢሩ ወረቀቱ ውስጥ የነበረ ካልሲየም ሆኖ ተገኘ። ካልሲየሙ ጭማቂው ውስጥ የነበረውን ካይኔዝ ያስነሳዋል፣ ካይኔዙ ኤቲፒ ወስዶ ቢን ወደ ኤ ይቀይረዋል። ከማጣሪያ ወረቀት ቆሻሻ ነው የፕሮቲን ፎስፌት መለጠፍ የሚባለው ሰፊ መስክ የተነሳው። በ1992 ኖቤል ተሸለሙበት።

ጀማሪዋ፣ ያንቺ ጠፍጣፋ መስመርም እንደዚሁ ነው። የጎደለው ነገር ስለ ኢንዛይሙ አንድ ነገር እየነገረሽ ነበር።

ዝምተኛ አንባቢ፦

ካልሲየም ካላችሁ፣ ጡንቻን የሚያኮማትረውም ካልሲየም አይደል? ሁለቱ ይገናኛሉ?

ቀዝቃዛ ባፈር፦

ይገናኛሉ፣ እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝም ይህ ነው። ትእዛዝ ከአንጎል ሲመጣ ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይፈስሳል። ያው ካልሲየም በአንድ እጁ መኮማተሩን ይጀምራል፣ በሌላ እጁ ፎስፎሪሌዝ ካይኔዝን ይቀሰቅሳል። ያ ካይኔዝ ግዙፍ ነው፣ 1.3 ሚሊዮን ዳልተን ገደማ፣ ከክፍሎቹ አንዱ ራሱ ካልሞዱሊን ነው፣ ካልሲየም የሚይዝ ፕሮቲን። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ነዳጁ አብሮ ይከፈታል፣ እስኪራብ አይጠበቅም። አድሬናሊን ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ገና ስትደነግጥ፣ በሳይክሊክ ኤኤምፒ በኩል ያንኑ ካይኔዝ ያዘጋጀዋል። ሲያልቅ ፎስፋቴዝ 1 መጥቶ ፎስፌቱን ይነቅላል፣ ኤ መልሶ ቢ ይሆናል።

ልብ በሉ፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒና ኤኤምፒ አንድ አይደሉም። አንዱ ከሆርሞን የመጣ ወሬ ነው፣ ሌላው ከራሱ ከጡንቻው ረሃብ።

ሩጫ ወዳጅ፦

አንድ ሰው ቫይታሚን ቢ6 የዚህ ኢንዛይም አካል ነው፣ ብትወስድ ትጠነክራለህ አለኝ። እውነት ነው?

ቀዝቃዛ ባፈር፦

ግማሹ እውነት ነው። ከኢንዛይሙ ሁለት አካላት በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ፒሪዶክሳል ፎስፌት አለ፣ ከቢ6 የሚሠራ፣ 680ኛው ላይሲን ላይ ተያይዞ። ሰውነት ውስጥ ያለው አብዛኛው ቢ6 ጡንቻ ውስጥ ነው፣ እዚሁ ኢንዛይም ላይ። ሌሎች ኢንዛይሞች የዚህን ቫይታሚን አልዲሃይድ ጫፍ ነው የሚጠቀሙት፣ ፎስፎሪሌዝ ግን ፎስፌቱን ነው። እንደ ረዳት ሆኖ ፕሮቶን ይሰጣል፣ ይቀበላል።

ግን ወንበሩ አንዴ ከተያዘ ተያዘ። ተጨማሪ ክኒን ተጨማሪ ወንበር አይሠራልህም። በብዛት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮቹ ይጎዱበታል፣ እጅ እግሩ ይደነዝዛል። ስለዚህ ተወው።

ፈተና ደረሰ፦

የመጨረሻዬ ናት። ፎስፎሪሌዝ ከግላይኮጅኑ ቅርንጫፍ አራት ግሉኮስ ሲቀረው መቁረጡን ያቆማል ይላሉ። ለምን አራት?

ጡረታ የወጣ መምህር፦

መቁረጫው ጥልቅ የሆነ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፣ አራት አምስት ግሉኮስ ያህል። ቅርንጫፍ ያለበት ቦታ ወፍራም ስለሆነ ስንጥቁ አፍ ላይ ይያዛል። ያኔ ሌላ ኢንዛይም ይመጣል፣ ሦስቱን ነቅሎ ሌላ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ያስቀጥላል፣ የቀረችውን አንዷን ቅርንጫፍ በውሃ ይቆርጣታል። ተራ ግሉኮስ ሆና የምትወጣው እሷ ብቻ ናት፣ ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ።

ኢንዛይሙ ሌላም መያዣ አለው፣ ከመቁረጫው 30 አንግስትሮም ራቅ ብሎ። በዚያ ግላይኮጅኑን ጨብጦ ሳይለቅ ደጋግሞ ይቆርጣል።

ጀማሪዋ፦

ተመለስኩ! ዛሬ ሠራሁት።

ኤቲፒውን ተውኩት። መጀመሪያ ያለ ኤኤምፒ ለሁለት ደቂቃ አነበብኩ፣ ወለል ነበር። ከዚያ ፒፔቴን ይዤ ኤኤምፒውን ጣልኩ፣ ክዳኑን ይዤ አንዴ ገለበጥኩት፣ መለስኩት። መስመሩ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ተነሳ። ቀጥ ብሎ ወጣ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ ጮህኩ።

አሁን ነገ ኤቲፒ ጨምሬ ሲቀንስ ማየት እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ግሉኮስ-6-ፎስፌትም።

ቀዝቃዛ ባፈር፦

እንኳን ደስ አለሽ! ግን ሁለቱንም እንደዚያ አትሥሪ፣ ይሸውዱሻል።

ኤቲፒ ማግኒዚየም ይይዛል። ፎስፎግሉኮሙቴዝሽ ደግሞ ማግኒዚየም ይፈልጋል። መስመሩ ቢወርድ ፎስፎሪሌዙ ነው ወይስ ሁለተኛው ኢንዛይም ማግኒዚየም አጥቶ? አታውቂም። ስለዚህ ኮንትሮል ሥሪ፤ ፎስፎሪሌዝ የሌለበት ኪዩቬት ውስጥ ኤቲፒ ጨምረሽ ግሉኮስ-1-ፎስፌት በቀጥታ ስጪው። በደንብ ከተነሳ ማያያዣዎቹ፣ ማለት ሁለተኛውና ሦስተኛው ኢንዛይም፣ ደህና ናቸው።

ግሉኮስ-6-ፎስፌት ደግሞ በዚህ ዘዴ ጭራሽ አይሆንም። ሦስተኛው ኢንዛይምሽ እሱኑ ነው የሚበላው! ብትጨምሪው መስመሩ ወደ ላይ ይፈነዳል፣ አንቺም ያነሳሳዋል ብለሽ ትጽፊያለሽ። እሱን ለማየት በተቃራኒው አቅጣጫ ሂጂ፤ ግሉኮስ-1-ፎስፌትና ግላይኮጅን ስጪው፣ የሚለቀቀውን ፎስፌት ለኪ።

ጀማሪዋ፦

ኧረ ይህን ባትነግረኝ በርግጥ እጽፈው ነበር።

(ከሁለት ቀን በኋላ)

ኮንትሮሉ ደህና ነው፣ ኤቲፒ ባለበት ግሉኮስ-1-ፎስፌቱ በደንብ ተነሳ። ከዚያ ከኤኤምፒ ጋር እየወጣ ያለ መስመር ላይ ኤቲፒ ጣልኩ። አልቆመም፣ ግን ጎንበስ አለ። ኤኤምፒውን ስጨምር መልሶ ቀና አለ። ወንበሩ ላይ ሲጋፉ በዓይኔ አየሁ ማለት ነው።

ሰባተኛው ደቂቃ፣ ይህን ኪዩቬት ሳይ አንተን ነበር የማስበው።

ሰባተኛው ደቂቃ፦

እኔም ዛሬ 40 ደቂቃ ተራመድኩ። አላቆምኩም።

ቀዝቃዛ ባፈር፦

ጎበዞች። ጀማሪዋ፣ ቀጥሎ ካፌይን ሞክሪ። እሱ ኤኤምፒ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ መቁረጫው አፍ ላይ ሌላ ቦታ አለው፣ የተጨበጠውን ቅርጽ ያጠብቃል። ሰው ጠጥቶ ደሙ ውስጥ የሚያገኘው መጠን እዚያ አይደርስም፣ ኪዩቬት ውስጥ ግን በሚሊሞላር ልትሰጪው ትችያለሽ። ሞቅ ባለ ውሃ አሟሚው፣ ቀዝቃዛ ላይ ቶሎ አይሟሟም። ከዚያ አቀዝቅዘሽ ጨምሪ።